ኮፍያዎ ስለጋረደው መስኮት

ቡሬ፣ የካቲት 17 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ክንዱ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፤
ባሉበት።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ድምፅዎ፣ በተለይም ቅዳሜ ማታ ኮፍያ እንደያዘ ከፊልም ማሳያው መብራት ፊት ሲመላለስ ያመሸው ቀኝ እጅዎ እንደምን አለ? አልዛለብዎትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ሁለቱ ልጆቼ እስከዚህች ሰዓት ድረስ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ይሁን አይሁን ግን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ይህን ግልጽ ደብዳቤ በታላቅ ትሕትና ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ከሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ ያይኔአበባ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ፊልሙ የታየበትን ነጭ አቡጀዲ ገጣጥሜ የሰፋሁት እኔው ነኝ። ባለቤቴ መምህር ገደፋው ይባላል። ፊልም ወደ ቡሬ በመጣ ቁጥር የድምፅ ማጉያ ይዞ ከአቡጀዲው ጎን እየቆመ የፈረንጆቹን ንግግር ለሕዝቡ በአማርኛ የሚያስረዳው እሱ ነው። እሑድ ጧት ከቤቱ ተወስዶ በቀበሌው ግቢ ባለው የቀድሞ እህል መጋዘን ታስሯል። ከነገ ወዲያ ዓርብ ወደ ማርቆስ በሚሄደው መኪና ይጫናል ተብሏል። በዚያ መኪና ተጭኖ ሄዶ ወደ ቡሬ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ቅዳሜ ማታ በቀበሌው አዳራሽ ላልነበሩ አንባቢዎች ነገሩን ላስረዳ፤ እርስዎም ይታገሡኝ። ፊልሙን የመረጠው የእርስዎ ኮሚቴ ነው። ከሳጥኑ ጋር በመጣችው ወረቀት ላይ፣ በትልቅ ግንብ የሚኖር አንድ መስፍን የአካባቢውን ገበሬዎች ደም እየመጠጠ እንደሚኖርና በመጨረሻ ሕዝብ ተነሥቶ እንደሚገድለው ተጽፎ ስላገኛችሁ፣ ከዚህ የተሻለ ጸረ ፊውዳል ፊልም አይገኝም አላችሁ። ቀኑ የቅበላ ቅዳሜ መሆኑንና ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ እንደሚመጣ ያሰበ አልነበረም። እርስዎም መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ባላባት ጭካኔ ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገሩ። አጨበጨብን፤ መብራቱ ጠፋ፤ መስፍኑም ጥቁር ካባውን ደርቦ፣ እውነትም ደም የሚመጥጥባቸው ሁለት ሹል ጥርሶች አብቅሎ ብቅ አለ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ምን ይደረግ፣ መልከ መልካም ነበር።

ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓቱ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ኮፍያዎ። መስፍኑ በመስኮት በኩል መጥቶ፣ የተኛችው ሴት ብድግ ብላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ወደ እሱ መራመድ ስትጀምር፣ እርስዎ ከወንበርዎ ዘልለው ተነሥተው ኮፍያዎን ከመብራቱ ፊት ደቀኑት። ከዚያም በኋላ ወደ አንገት በቀረበ ቁጥር እንዲሁ አደረጉ፤ ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። በደረቱ ላይ እንጨት ሲተከልበት፣ ደሙ ሲንፎለፎል፣ አንገቱ ሲቆረጥ ግን ኮፍያዎ ጭንቅላትዎ ላይ በሰላም አርፎ ነበር። ትንሿ ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዋን ጓሮ አትወጣም። አንድ ወንድ በአንዲት ሴት አንገት ላይ ጎንበስ ሲል ከማየት ስላዳኑንና ደሙን ሳያጎድሉ ስላሳዩን እጅግ እናመሰግናለን።

ነገር ግን ኮፍያዎ የሠራውን ሥራ የሚያውቁት አይመስለኝም። የተጋረደው ነገር ቢታይ ኖሮ ምናልባት ኢምንት ነገር ነበር፤ ሰውየው ጎንበስ ይላል፣ ሴትዮዋ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ያልቃል። እርስዎ ሲጋርዱት ግን አዳራሹ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። የቀረው የጄኔሬተሩ ጉርምርምታና የሴትዮዋ ትንፋሽ ብቻ ነው። ያን ጊዜ በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ በዕድሜው ሙሉ ተመኝቶ ያላገኘውን ነገር እዚያ ጨለማ ውስጥ ሣለው። ያን ያህል ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ ሲቀመጥ በየትኛውም ስብሰባችን አይቼ አላውቅም። እኔም ሣልሁ፤ ምን እንደሣልሁ ግን ለኮሚቴ አልናገርም።

2ኛ. ስለ ወንጀሉ። ባለቤቴ እንደ ሌላው ሰው ምንም አልታየውም። መስፍኑ በጨለማው ውስጥ በሹክሹክታ ይናገራል፤ ሕዝቡ ደግሞ «ምን አለ? መምህር፣ ምን አላት?» እያለ ይጮኻል። ሲጨንቀው ማጉያውን ወደ አፉ አስጠግቶ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፤ «ልግባ? ግቢ ካልሽኝ ሳይሆን ግባ ካልሽኝ ነው የምገባው። ካላልሽኝ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ። አልቸኩልም።» ሲናገር እንኳ ተደናግሮ ምላሱ እንደተወላገደ ሁሉም ሰምቷል። ቢሆንም አንድም ሰው አልሳቀበትም። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ዙለይካ ናት ቀድማ የተናገረችው፤ «ኧረ እቴ፣ ይኼ ሰውዬ ያ ጥርሱ ባይሆን ኑሮ እንዴት ያለ ባል ይወጣው ነበር!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እርስዎ አልሳቁም።

ክሱ በፊልሙ ውስጥ የሌለ ቃል ጨምሮ የጨቋኙን መደብ ለሕዝብ አስወደደ የሚል እንደሆነ ሰምቻለሁ። ይህን ቃል ማን ጽፎ ሰጠህ፣ የትኛው ድርጅት ላከህ እየተባለ አራት ቀን ሙሉ ተጠይቋል፤ እሱም አራት ቀን ሙሉ ዝም ብሏል። ዝምታውን እንደ ጥፋት ቆጥራችሁበታል። ለምን ዝም እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የሚሸፍነውም እኔን ነው።

3ኛ. እንግዲህ የራሴን ግለ ሂስ ላቅርብ። ቃሉን የጻፈለት ድርጅት የለም። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ሊበን አጠገብ ላለ ሰው ተዳርኩ። በበቅሎ ተጭኜ ስሄድ ትወጃለሽ ወይ ያለኝ የለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አባቴ ቤት ስመለስም ምን ሆንሽ ያለኝ የለም። ከዚያ በኋላ በአንድ የሐምሌ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ አዲስ የተመደበው ወጣት አስተማሪ አባቴን ፈልጎ መጣ። አባቴ አልነበረም። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ሌላ ወንድ ቢሆን ዘው ብሎ ነበር። እሱ ግን ከጣራው ጠርዝ ወዲያ ቆሞ፣ ውሃው በአፍንጫው እየተንጠባጠበ፣ «ልግባ? ግባ ካልሽኝ እገባለሁ፤ ካላልሽኝ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ አልቸኩልም» አለኝ።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ሰው ፈቃዴን ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ልብሱ እስኪረጥብ፣ ጫማው ውሃ እስኪሞላ ድረስ አቆየሁት። መልስ ስለጠፋኝ ብቻ አይደለም፤ ደስ ስላለኝም ጭምር ነው። ከዚያ ግባ አልሁት። ይህን ለእናቴ እንኳ ሳልናገር አሥራ ሁለት ዓመት ደብቄዋለሁ፤ ዛሬ በገበያ ቀን ቡሬ ሁሉ እንዲያነበው እጽፋለሁ። ፊቴ እየተቃጠለ ነው የምጽፈው። ቃሉ ወንጀል ከሆነ ግባ ያልሁት እኔ ተባባሪ ነኝና ወንጀለኛውን ከፈለጉ ቤቴን ያውቁታል።

4ኛ. ስለ ሴቶቹ። በሰኞው ስብሰባ የቀበሌያችን ሴቶች በባላባት ፍቅር መውደቃቸውን በምሬት መናገርዎን ሰምቻለሁ። የወደድነው ግንቡንም ካባውንም አይደለም። ጥርሱን አይተናል፤ ጠጥቶን እንደሚሄድም ገብቶናል። ነገር ግን ያ ሁሉ ኃይል ያለው ፍጡር፣ የሌሊት ወፍ ሆኖ የሚበርር፣ በጭስ መልክ የሚጠፋ፣ በማጉያው እንደሰማነው አንዲት ሴት ግባ ካላለችው ደጃፏን መሻገር አይችልም። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ጥርሳም መኖሩን ሰምተን አናውቅም ነበር። ጥርስ ያለው ሲመጣብን ኖረናል፤ ቆሞ ሲጠይቅ ግን ያየነው ቅዳሜ ማታ ነው። ልባችንን ያሸፈተው ይኸው ነው።

እሑድ ጧት የላኳቸው የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ከዚህ ችግር ነጻ መሆናቸውን በደስታ አረጋግጥልዎታለሁ። በሩ ከማጠፊያው ወልቋል። እኔ በውስጥ ልብስ ነበርሁ።

5ኛ. ትናንት የወሰድሁለት ሽሮ ሳይነካ ተመለሰልኝ። ምግብ ሳይነካ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አገር የማታውቅ ሚስት የለችም። ዘበኛው አይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ዛሬ ጧት በመጋዘኑ ስንጥቅ በኩል ሲያስል ሰማሁት፤ ሳሉን ስለማውቀው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እባክዎን ምግቡን ያስገቡለት። በዚህ ተራ ቁጥር ላይ የምቀልደው የለኝም።

በመጨረሻም ምስጋና ይገባዎታል። ሰኞ ከቀትር በኋላ ጸሐፊዎን አስወጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ባለቤቴ ያንን ቃል በዚያው ድምፅ እንዲደግምልዎ ሁለት ጊዜ ማዘዝዎን ሰምቻለሁ፤ የመጋዘኑ ግድግዳ ቆርቆሮ ስለሆነ ነገር አይደብቅም። ሁለተኛውን ጊዜ እርስዎም አብረውት ለማለት ሞክረዋል ይባላል። ይህን የሚያህል ትጋት በምርመራው መዝገብ ሳይሰፍር መቅረቱ አሳዝኖኛል። ፊልሙ ገብቶዎታል ማለት ነው። የሚያስወድደው ድምፁ ይመስልዎት እንደሆነ ግን ተሳስተዋል፤ ድምፅማ ማንም ያሳምራል፤ መልሱ እስኪመጣ ውጭ መቆሙ ነው ያስቸገረው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገደፋው ዓርብ መኪና ላይ ሳይሆን ዛሬ ቤቱ ይግባ። እርስዎን ጤና ይስጥልኝ፤ ክንድዎን ያበርታልኝ፤ ኮፍያዎን ለፀሐይ ብቻ ያድርግልዎ እያልሁ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እፈርማለሁ።

አክባሪዎ፣
ያይኔአበባ
የመምህር ገደፋው ሚስት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ በሽቦ ወንፊት በተዘጋውና ቁልፉ በእርስዎ ወገብ ላይ ብቻ በሚንጠለጠለው የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ውስጥ እንዴት ሊለጠፍ ቻለ ብለው ዘበኞቹን እንዳያስጨንቁ አደራ። ቁልፉን ከቀበቶዎ ፈትተው ያቀበሉኝ ባለቤትዎ ወይዘሮ ንግሥቴ ናቸው፤ ስማቸውን እንድጽፍ ያዘዙኝም እሳቸው ናቸው። ዛሬ ወደ ቤትዎ ሲመለሱ በሩን ከውስጥ ተቀርቅሮ ያገኙታል። እንዳይገፉት፣ ውጭ ቆመው ልግባ ብለው እንዲጠይቁ ብለዋል። መልሳቸውን የሚሰጡዎት ግን ገደፋው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።