“መጣ” እና “በራ”፦ የአቶ ጀማነህ ዘውዱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጀማነህ ከአባታቸው ከአቶ ዘውዱ ቸርነት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማንያህልሻል አበጋዝ በ1953 ዓ.ም. ቆቃ ተወለዱ። አባታቸው የኃይል ማመንጫው ዘበኛ ነበሩ። ጀማነህ ሞጆ ተምረው መብራት ኃይል ገቡ፤ ምሰሶ መውጣት ሥራቸው ሆነ።

በ1979 ዓ.ም. ወይዘሮ ሔዋን ታዴዎስን አግብተው ዮኤልንና ሐምራዊትን ወለዱ። በ1992 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ገቡ። መጀመሪያ ኒው አልባኒ ባለ የዕቃ መጋዘን ሠሩ። ጣሪያ ሥር መዋል አልሆነላቸውም፤ የሙያ ፈተናውን አልፈው ወደ መብራት መስመር ሥራ ተመለሱ።

በ2004 ዓ.ም. አላስካ ተላኩ። የበረዶ ናዳ የመስመሩን ማማዎች ከነሽቦአቸው ጠርጎ ገደል ከቶ ነበር። መንገድ የለም፤ ሰውም ዕቃም በሄሊኮፕተር ይደርሳል። አብሯቸው የአገራቸው ልጅ ኦሊያድ ቶሎሳ ነበር። ጥገናው አልቆ ኃይል ሲለቀቅ፣ ጀማነህ እንደ አገራቸው ልማድ “መጣ” ብለው ጮኹ። ኦሊያድ ናዳው የመጣ መስሎት ሮጠ፤ እስከ ወገቡ በረዶ ዋጠው። ሲያወጡት፣

“ጋሼ፣ ምንድነው የመጣው?” አላቸው።

“መብራት ነዋ” አሉት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጀማነህ አልሳቁም። ከዚያ ወዲያ “መጣ” ለናዳ ብቻ፣ ለመብራት ደግሞ “በራ” እንዲባል ደነገጉ። አሜሪካኖቹንም ሁለቱን ቃል አስጠኗቸው።

በዓመቱ እዚያው ተራራ ተመለሱ። ማማ ላይ ሳሉ በረዶው ከላይ ሲሰነጠቅ አዩ። “መጣ” አሉ። ታች የነበሩት ምን መጣ ሳይሉ ሮጠው ዳኑ። እሳቸው መውረጃ ጊዜ አላገኙም፤ በመታጠቂያቸው እንደታሰሩ ቀሩ። ማማው ጎበጠ እንጂ አልወደቀም። እግራቸው ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ምሰሶ አልወጡም። ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ “ማማውን የተከለው ሰው ይመስገን” ይሉ ነበር።

ኮሎምበስ፣ ፎረስት ፓርክ ሰፈር ባለው ቤታቸው መብራት ሄዶ ሲመለስ “መጣ” ማለት ክልክል ነበር። አማርኛ የማይሞክሩት የልጅ ልጆቻቸው እንኳ “በራ” ይላሉ።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ሰሞን ባለቤታቸውን ቀና ብለው አይተው “መጣ” አሉ። ወይዘሮ ሔዋን ምን መጣ አላሉም፤ ልጆቹን ጠሩ። ሁለቱም ደረሱ። ጀማነህ በማግስቱ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ ወንድማቸው ከኋላቸው አሉ። ዛሬ ሳጥናቸውን ከሚሸከሙት አንዱ ኦሊያድ ነው።

ለሌላው ሲሉ “መጣ” ያሉትን ሰው፣ እግዚአብሔር በደረሱበት “በራ” ያሰኛቸው።