ከባለቤቴ ጉንጭ ላይ ስለጠፋው ጠባሳ፣ ለቪዛ ክፍሉ ኃላፊ

ለተከበሩ የቪዛ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ መላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ቤተሰቡ ደኅና የሆነለት ሰው ሥራውን በሰከነ መንፈስ ይሠራል፤ የእርስዎ ክፍል ደግሞ ምን ያህል በሰከነ መንፈስ፣ ምን ያህልስ ሳይቸኩል እንደሚሠራ እኔና ባለቤቴ አምስት ወር ሙሉ አግዳሚ ወንበራችሁ ላይ ቁጭ ብለን የተመለከትን ምስክሮች ነን።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከቢሮዎ ጀርባ ባለው መንገድ፣ በማኅተም ቀራጩና በጫማ ጠጋኙ መካከል የተሸጎጠችው ጠባብ ፎቶ ቤት የእኔ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሳነሣ ኖሬአለሁ። ለመሥሪያ ቤትዎ ከሚቀርቡት ጉርድ ፎቶዎች ግማሹ ከእኔ እጅ የወጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ እንግዲህ ሳንተዋወቅ ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል ማለት ነው። ባለቤቴ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተቀዳደዱ መጻሕፍትን ትጠግናለች። አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ሁለታችንንም በቁመት በልጣን ሳለች ሚጢጢ እያልን የምንጠራት፣ እርስዎ በሚወክሉት አገር በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ትሠራ የነበረች። ነበረች ብዬ ስጽፍ እጄ አሁንም እንቢ ይለኛል።

ነገሩ የጀመረው ሚጢጢ ደውላ፣ ሆዷ ውስጥ እጢ መገኘቱንና ኦፕራሲዮን ልትደረግ መሆኑን በነገረችን ቀን ነው። ለእኔ ቀለል አድርጋ፣ እንደ ጥርስ መነቀል አድርጋ ነገረችኝ። እናቷን ግን፣ እማዬ፣ ከሰመመኑ ስነቃ አንቺን ማየት እፈልጋለሁ አለቻት። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ባለቤቴ በዚያው ዕለት ፓስፖርቷን ከሣጥን አወጣች። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ለተደረጉልን ውለታዎች ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. ስለ ቀጠሮው። ለአስቸኳይ ጉዳይ የተለየ ቀጠሮ እንደምትሰጡ በድረ ገጻችሁ ላይ አንብበን እጅግ ደስ ብሎን ነበር። ተራው ቀጠሮ ከአርባ ሦስት ቀን በኋላ ሲሆን አስቸኳዩ ከአርባ አንድ ቀን በኋላ ሆኖ ተገኘ። ስለተቆጠቡልን ሁለት ቀናት ከልብ እናመሰግናለን። ልጃችን ሐኪሞቿን ለምና ኦፕራሲዮኑን አንድ ጊዜ አራዝማ ነበር፤ እጢው ግን ቀጠሮ የሚያራዝም ዓይነት አልነበረም።

፪ኛ. ስለ ፎቶው መመሪያ። መመሪያችሁ የአመልካቹ ፊት ስሜት የማይታይበት እንዲሆን ያዝዛል። እንደ ባለሙያ ይህን ሕግ አከብረዋለሁ፣ በሺዎች ላይም አስፈጽሜዋለሁ፤ አይሳቁ፣ አይኮሳተሩ፣ አገጭ ቀና፣ ጆሮ ይታይ። በዚያን ዕለት ግን ልጇ የታመመችባትን ሴት ነጩ መጋረጃ ፊት አስቀምጬ፣ ሐዘንሽን ከፊትሽ ላይ አንሺልኝ ማለት ነበረብኝ። አሥራ አንድ ጊዜ አነሣኋት። በአሥሩ ላይ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የመጨረሻው እንዴት እንደተሳካላት ብጠይቃት፣ የተገነጠሉ ገጾች በሐሳቤ ስደረድር ነበር አለችኝ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ልክ እናንተ እንደምትወዱት።

፫ኛ. ስለ ጠባሳዋ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ባለቤቴ በግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ዝቅ ብሎ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጠባሳ አለቻት፤ በልጅነቷ የበር መቀርቀሪያ መትቷት የቀረች ናት። ከእሷ ጋር የተዋወቅነው እንደማንኛውም ደንበኛ ጉርድ ፎቶ ልትነሣ መጥታ ነው። ከተነሣች በኋላ ጠባሳዋን በጣቷ ሸፍና፣ ይቺን ነገር ልታጠፋልኝ ትችላለህ ወይ ስትል ጠየቀችኝ። በዚያን ጊዜ ይህ ሥራ የሚሠራው ፊልሙ ላይ በቀጭን እርሳስ ነበር። የሰዓታት ሥራ ሆኖ ሳለ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ለምን እንደፈጀብኝ እርስዎም ይገምቱታል። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳነሣኋት ቁጥሩን አላውቅም፤ እርሳሱም ቀርቶ ኮምፒውተር መጥቷል፤ ጠባሳዋን ግን አንድም ቀን ፎቶ ላይ አስቀርቼ አላውቅም። ማንም አላዘዘኝም። ሌላው ባል ለሚስቱ ሽቶ ይገዛል፣ እኔ ጠባሳ አጠፋለሁ። በዚያን ዕለትም ልቤ ልጄ ጋ ሄዶ እጄ ብቻ ቀርቶ ነበርና፣ እጄ የለመደውን ሠራ።

መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ የሚቀመጡት ባለመነጽሩ ሹም ፎቶውንና ባለቤቴን ደጋግመው ካስተያዩ በኋላ፣ እናቴ፣ ይህ የእርስዎ ፎቶ አይደለም አሏት። የእኔ ነው አለች። እኅትዎ ይሆኑ እንዴ ሲሏት፣ እኅት የለኝም ብላ መለሰች። ማመልከቻው የማንነት ጥርጣሬ አለበት ተብሎ ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት አብሬአት የኖርኩትን ሴት በአራት ደቂቃ ውስጥ ስለጠረጠራችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሞኝ ሆኜ ጠርጥሬአት አላውቅም ነበር። ጎረቤቴ ማኅተም ቀራጩ ይህን ሲሰማ፣ አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያውኑ ወደ እኔ ብትመጣ ቪዛውን ከነማኅተሙ ለምሳ ሰዓት አደርስልህ ነበር ብሎ ቀለደብኝ። ልስቅለት ሞክሬ አቃተኝ፤ እሱም ደንግጦ ወደ ሥራው ጎንበስ አለ።

፬ኛ. ስለ ፓስፖርቱ። ባለቤቴን እንደገና አነሣኋት፤ በትዳራችን ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ከነጠባሳዋ። ፎቶውን ስታየው፣ ለካ እንዲህ ነኝ አለች። ይህንኑ ይዘን በሁለተኛው ቀጠሮ ስንቀርብ ግን አዲሱ ፎቶ ከፓስፖርቷ ፎቶ ጋር አልገጠመም፤ የፓስፖርቷን ፎቶ ያነሣሁትም እኔው ነኛ። መታወቂያዋን ያነሣሁት እኔ፣ የሥራ መታወቂያዋን ያነሣሁት እኔ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ላይ ያለውንም እኔ። በመንግሥት መዝገብ ሁሉ ላይ ባለቤቴ ጠባሳ የሌላት ሴት ናት፤ ጠባሳ ያላት ሴት በወረቀት ደረጃ አልተወለደችም። የመዝገብ ሠራተኞቹ መቼም የዋሆች ናቸው፣ ልዩ ምልክት የሚለው መስመር ላይ ፎቶውን አይተው የለም ብለው ጽፈዋል። ባለመነጽሩ ሹም በትሕትና፣ ፓስፖርቱ ይታደስና ተመለሱ አሉን። ፓስፖርት ማሳደስ ደግሞ ሰባት ሳምንት ፈጀ።

በእነዚያ ሰባት ሳምንታት ውስጥ ሚጢጢ ኦፕራሲዮን ተደረገች። ከሰመመኑ ስትነቃ አጠገቧ ተቀምጣ ያየቻት አብራት አንሶላ የምታጥፍ ባልደረባዋን ነው፤ ያቺ ሴት ቋንቋችንን አታውቅም፣ እጇን ግን ይዛት ነበር አሉ። በማግስቱ በስልክ በምስል ተገናኘን። ሚጢጢ ድምፅዋ ደክሞ፣ እማዬ፣ ጠጋ በይና ጠባሳሽን አሳዪኝ አለች። ሕፃን ሳለች እንቅልፍ የሚወስዳት ጣቷን እዚያች ጠባሳ ላይ አድርጋ ነበር። እኔ ይህን ረስቼው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፎቶው ሁሉ ሳጠፋ የኖርኩት ልጄ የምትተኛበትን ቦታ ነበር ለካ። እናቷ ጉንጯን ስልኩ ላይ አስጠግታ ብዙ ቆየች፤ እኔ ድሮ ፊልም ወደማጥብበት ጨለማ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

፭ኛ. ስለ መመለሷ ማረጋገጫ። በሦስተኛው ቀጠሮ ፊቷም ፓስፖርቷም ተስማምተው ስንቀርብ፣ ባለቤቴ ወደ አገሯ ለመመለስ የሚያስገድዳት ጠንካራ ትስስር እንዳላት በማስረጃ እንድታሳይ ተጠየቀች። የቤታችንን ካርታ፣ የፎቶ ቤቴን የንግድ ፈቃድ፣ የእኔን በሕይወት መኖር የሚያረጋግጥ የቀበሌ ደብዳቤ አቀረብን። ትምህርት ቤቱም የሚጠገኑ አራት መቶ መጻሕፍት እየጠበቋት መሆኑን በማኅተም አረጋገጠላት። እሷም በራሷ በኩል፣ ልጄ ስትድን ሁለታችንም እንመጣለን ብላ ለሹሙ ነገረቻቸው፤ ይህ ግን በማስረጃነት አልተመዘገበም። የምትወደው ሁሉ እዚህ መሆኑን አሳይታ እንድታሳምናችሁ ስለታገሣችኋት አመሰግናለሁ፤ በዚያው ሰዓት የምትወዳት እዚያ ተኝታ ነበር።

ለሚቀጥለው ተራ ቁጥር አልሰጠሁትም፣ ከቅሬታ አይቆጠርምና። ሚጢጢ አንድ ማክሰኞ ቀን አረፈች። የቀበሯት የልብስ ማጠቢያው ባልደረቦቿ ናቸው፤ አፈር ላይ የተተከለ ቁጥር ያለው ምልክት በስልክ አንስተው ላኩልን። ምስሉ የተንጋደደ፣ ጠርዙም የደበዘዘ ነው። እጄ ሊያስተካክለው ሄደ፣ ያዝኩት። እንደተንጋደደ ይኑር።

ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ከቢሮዎ ተደውሎ ቪዛው መፈቀዱ ተነገረን። ለዚህ ቸርነት ቃል የለኝም። ባለቤቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ ቢያንስ መቃብሯን ልየው ብላ ፓስፖርቷን ልትቀበል መጣች። ባለመነጽሩ ሹም እውነት ለመናገር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፓስፖርቱን ሲሰጧት፣ እናቴ፣ ልጅዎ ተሻላት ወይ ብለው ከልብ ጠየቋት። ባለቤቴ በሕይወቷ ለሹም ዋሽታ አታውቅም። እውነቱን ነገረቻቸው። እሳቸውም ፊታቸው ተለዋውጦ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሲመለሱ ቪዛው የተሰጠው የታመመ ለመጠየቅ ስለሆነ፣ የምትጠየቀው ታማሚ ከሌለች ጉዳዩ ተቋርጧል የሚል መልስ ይዘው መጡ። ሲነግሯት ዓይኗን ማየት አልቻሉም አለችኝ። ማኅተሙ ላይ ሌላ ማኅተም ተመታ። ዝም ብትል ኖሮ ይሄኔ ትበር ነበር። እኔ በጠፋ ጠባሳ ዋሽቼ ሦስት ወር አስቀጣኋት፣ እሷ እውነት ተናግራ የቀረውን ተቀጣች። አሁን ቤት ውስጥ ተቀምጣ የሰው መጽሐፍ ትጠግናለች፤ አታለቅስም፣ አትበላምም። ልጄን መልሱልኝ አልልም፣ አትችሉም። ይህቺን ሴት ግን አንድ ቀን እንኳ ያቺን አፈር በእጇ እንድትዳስስ ፍቀዱላት ብዬ፣ ቀልዱንም ምፀቱንም ትቼ፣ እለምንዎታለሁ።

በተረፈ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ ልጆች ካሉዎት በሩቅ ሳይሆን በአቅራቢያዎ እንዲታመሙ፣ የሚታመሙም ከሆነ ከበሩ እስከ አልጋቸው ድረስ ማንም ፎቶ ሳይጠይቅዎ እንዲደርሱ እየጸለይኩ፣ በታላቅ አክብሮትና እጅ በመንሳት ደብዳቤዬን እደመድማለሁ።

አክባሪዎ፣
ከቢሮዎ ጀርባ ያለው ፎቶ አንሺ

ማስታወሻ፦ መቃብር ለማየት አዲስ ማመልከቻ መሙላት እንደሚቻል ስለተነገረን ሞልተናል። ፎቶው ትክክል ነው፣ አሻራዋም አለ። ችግር የሆነብን የጋባዥ ዘመድ የጥሪ ደብዳቤ የሚለው ክፍል ብቻ ነው። በአገራችሁ ያለን ዘመድ አንዲት ናት። በስሟ ቦታ ስሟን፣ በአድራሻዋ ቦታ የመቃብሯን ቁጥር ጽፈናል፤ የፊርማዋ ቦታ ባዶ ነው፤ መመሪያው ደግሞ ያልተፈረመ ጥሪ አይታይም ይላል። ስለዚህ በማክበር የምጠይቀው፣ ወደ አገርዎ ሲሄዱ ቅጹን ይዘው መቃብሯ ጋ ጎራ ብለው እንዲያስፈርሙልን ነው፤ እርስዎ ቪዛ አይጠየቁም።