ስትነካኝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ የአንድ ኮት ገበር ቀየርኩ። ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝ ብለው መቀሱን በሁለት እጄ ያዝኩት። ጋዜጣ እንዳያየኝ ጀርባዬን ሰጠሁት። አብሮኝ የሚሰፋ ሰው ነው፣ ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። አንድ ነገር ካየ ማታ ያላወቀ ሰው አይኖርም።

እራት ላይ ባለቤቴ እጇን እጄ ላይ ጣል አደረገች። እንደ ድሮው፣ ቀስ ብላ። "ተይኝ!" አልኳት። ጮኼ ነው ያልኩት። ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች...

ለስላሳ እጅ እኮ ነው። ምኑ ነው የሚያመው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ከዚያ ወዲህ አልነካችኝም። ይሄም ከፋኝ። ምን ይሻለኛል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ተዋረድኩ። አንድ ደንበኛ ጨርቅ ይዞ መጣ። ጋዜጣ ደግሞ አፉ አያርፍም፣ "ዓይኑን ጨፍኖ ምን እንደሆነ ይነግርሃል" አለው። እውነት ነው፣ ስንት ዓመት የኮራሁበት ነገር ነው። ጨፈንኩ፣ ዳሰስኩ። ሻከረኝ። አሁን አሁን ሁሉም ነገር ይሻክረኛል። "ድብልቅ ነው፣ ተታለሃል" አልኩት። ዓይኔን ስገልጥ ጥሩ ሱፍ። ሰውየው ጨርቁን አጣጥፎ ሄደ።

ጋዜጣ አንድ ቃል አልተናገረም። ከወሬው ዝምታው ባሰብኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

"ሌላ ሰው አለህ?" አለችኝ። ሳቄ ሊመጣ ነበር። በዚህ ጣት?

"አስጠላሁህ ታዲያ?"

"ተኚ ባክሽ" አልኳት።

የመገጣጠሚያ ሕመሙንማ ታውቃለች፣ መድኃኒቱንም የምታስታውሰኝ እሷ ነች። ግን እብጠቱ ከጎደለ ቆየ። እጄ ሲያዩት ደህና ነው። አሁንም ያመኛል ብል ማን ያምነኛል? ደግሞስ "የአንቺ እጅ ያመኛል" ተብሎ ለሚስት ይነገራል? ክፉ ነው ብትለኝ ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩ። አፈርኩ በራሴ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጋዜጣ ሥራውን ሠርቷል። የሱፉን ነገር ለባለቤቴ ነግሯት ኖሮ ካልሄድን ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ለስላሳ ብሩሽ አውጥታ ክንዴ ላይ ቀስ እያደረገች ሳበችው። "ጋሼ፣ ምን ያህል ደስ ይላል? ከአስር ስንት ይሰጡታል?"

ባለቤቴ አጠገቤ ነች። "አስር" አልኩ።

ሐኪሟ ወደ ታች አየች። እግሬ ወለሉን እየፋቀ ነው። "ብሩሹ እንዳይቀየምዎት ነው?" አለችኝ።

ግድግዳውን እያየሁ ተናገርኩ። ይቆጠቁጠኛል... ብሩሹም፣ አንሶላውም... የሷም እጅ።

ውሸት አይደለም አለችኝ። ሕመሙ ሲቆይ ነርቮችና አንጎል አደጋ መጠበቅ ይለምዳሉ አለች። መገጣጠሚያው ሲሻለውም ወዲያው አይተዉትም፣ ለስላሳ ንክኪ ሲመጣም ሕመም ነው ብለው ይጮሃሉ። ድንገት የሚመጣው ደግሞ ይብሳል። ጠበቅ ያለ አያያዝ የሚሻላቸው አሉ። "እርስዎ ቀድመው ይንኳትና ይሞክሩት" አለች።

መንገድ ላይ ባለቤቴ ራቅ ብላ ነበር የምትሄደው። ተኮራርፈናል ብዬ ነበር። ለካ እንዳትነካኝ ነው። ቤት በር ላይ ስንደርስ "እኔ እኮ" አለች፣ "መስታወት ፊት እየቆምኩ ምኔ ነው ያስጠላው እል ነበር።"

የምገባበት ጠፋኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

አሁን ታስፈቅዳለች። "ልንካህ?" ትለኛለች፣ የሰው ቤት በር እንደምታንኳኳ። "ቆይ" እላለሁ። ትቆያለች። ልጅ አሳድገን ከዳርን በኋላ ሚስቴ እኔን ለመንካት ፈቃድ ትጠይቅ? ማፈሬ አልቀረም። መልኩን ነው የለወጠው።

እራት ላይ ቀድሜ ልንካት አስባለሁ። እጄን እዘረጋለሁ... ጨው አነሳለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ጠዋት የሸሚዜ የላይኛው ቁልፍ እምቢ አለኝ። ድሮ ቢሆን ከፍቼው እወጣ ነበር። ልብስ ሰፊ ሆኜ ቁልፍ አቃተኝ እንዴት ይባላል? ጠራኋት።

"ቆልፊልኝ።"

ስትቆልፍ ጣቷ አንገቴን ነካ አደረገኝ። ዘለልኩ። እጇን ስትሰበስብ ያዝኳት። እኔ ነኝ የያዝኳት፣ ጠበቅ አድርጌ።

"አመመኝ" አልኳት።

"ልተውህ?"

"አትተዪኝ።"

እንደዚያው ቆምን። ያማል፣ ግን የሷ እጅ መሆኑም ይታወቀኛል። ከስንት ጊዜ በኋላ... አለቀሰች መሰለኝ። እኔስ?

ሥራ አረፈድኩ። ጋዜጣ "ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?" አለኝ። ወንበሬን ወደሱ አዙሬ ሁሉንም ነገርኩት፣ ብሩሹንም፣ እጇንም። አፉን ከፍቶ ነው የሰማኝ። እስከ ማታ ሰፈሩ ያውቀዋል። ይወቀው።