ቅጽ ሦስት ላይ ያልተገኘችው ጳጉሜን

ጥቅምት 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዮናስ አድማሴ
የተማሪዎች ጉዞና ለይቶ ማቆያ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቆቦ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና፣ እንዲሁም በቢሮዎ በር ላይ የተቀመጠውን የእጅ መታጠቢያ ባልዲ ደኅንነት እጠይቃለሁ፤ ባልዲው ካለፈው ወር ጀምሮ ውሃ የሚባል ነገር ስላልቀመሰ አሳስቦኛል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ለዐሥራ አራት ቀን ተብሎ የጀመረውን ስንቅ ማመላለስ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ስለዘለቀበት ትንሽ ቅር ብሎታል።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስቱ መልስ ስላላገኙ ነው። እርስዎ ጉዳዩን ያውቁታል፤ የቆቦ ሰው ግን እንዲያውቀው ከመነሻው ልጀምር።

የልጄ ልጅ ቅድስት ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ደሴ ወዳለው የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት የሚያስገባውን የመስከረም 8 ቀን ፈተና እንዲወስዱ ከአካባቢያችን ከተመረጡት ስድስት ልጆች አንዷ ነበረች። ተፈታኞቹን የሚወስደው አውቶቡስ መስከረም 7 ቀን ጧት ከቆቦ ይነሣል። ቅድስት ክረምቱን ወልድያ አክስቷ ዘንድ ከርማ ነሐሴ 26 ቀን ተመለሰች። የኮሚቴዎ ደንብ ደግሞ ከወረዳው ውጭ የመጣ ተማሪ ዐሥራ አራት ቀን በለይቶ ማቆያ ሳይቀመጥ ለፈተና አይጓዝም ይላል። ደንቡን በሚገባ አውቀዋለሁ። ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ፊደሉን እንዳርመው ወደ ቤቴ የላኩልኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔም ዐሥራ አንድ ስሕተት አርሜ መልሼልዎታለሁ።

ልጅቱ ከሚኒባሱ ስትወርድ ያያት ሰው ቢኖር ጎረቤቴ ኡሙሃኒ ብቻ ናት። እሷም ጠጋ ብላ፣ «እትዬ የሺ፣ ዝም ብለው እቤት ያስቀምጧት። እኔ እንደሆን አላየሁም፤ ለዚህች ውሸቴ አላህ ይማረኛል» አለችኝ። እኔ ግን ደንብ የተጻፈው ሊከበር ነው፣ ያስተማርሁት ልጅ የፈረመበት ወረቀት አይከዳኝም ብዬ ገሠጽኋት፤ የልጅ ልጄንም እጇን ይዤ ወስጄ አስረከብሁ። ማቆያ ሆኖ ያስረከብሁበት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርሁበት ነው። እርስዎም በሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡ ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ማንነቴን ስላስታወቁኝ አመሰግናለሁ። የማቆያው መመዝገቢያ ቅጽ ሦስት ስለ አስረካቢ ቤተሰብ ሲጠይቅ «አባት»፣ «እናት»፣ «ሌላ» ብሎ ያቆማል። ልጅቱን ከስድስት ወሯ ጀምሮ አሳድጌአታለሁ፤ መዝጋቢው «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ምን እንደሆንሁ መንግሥት ቁርጡን ሲነግረኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

2ኛ. ስለ ቆጠራው። ይህ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ነሐሴ 26 የገባ ሰው የነሐሴን አምስት ቀን፣ የጳጉሜንን አምስት ቀን፣ የመስከረምን አራት ቀን ቢቀመጥ ዐሥራ አራት ይሞላዋል። እኔም መስከረም 5 ቀን ማለዳ የልጅቱን የታጠበ ልብስ ይዤ በሩ ላይ ቆምሁ። መዝጋቢው የዚያኑ የቅጽ ሦስትን ጀርባ ገለጠና ገና ዘጠኝ ቀኗ ነው አለኝ። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ዐሥራ ሁለት ዓምድ፣ በእያንዳንዱ ዓምድ ሠላሳ ሣጥን፣ በቀን አንድ ሣጥን ላይ ምልክት። ለጳጉሜን ግን ዓምድም ሣጥንም አልተሠራላትም። ምልክት የሚደረግበት ስለሌለ አልተደረገም፤ ምልክት ስላልተደረገ ቀኑ አልዋለም። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሳቅ ብሎም፣ «እማማ፣ እንኳን ቅጹ፣ ደመወዛችንም ጳጉሜንን አያውቃት» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ በእነዚያ ባልዋሉ አምስት ቀኖች ከእኔ እጅ ስንቅ እየተቀበለ ያስገባ የነበረው የበሩ ጠባቂ መንሱር ነው። የእሱን ደብተር አይቼዋለሁ። ከነሐሴ 30 ቀጥሎ በገዛ እስክሪብቶው «ጳጉሜን 1» ብሎ ጀምሮ እስከ አምስት ጽፏል። መንሱር ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ ለዚህ ይሆናል ቅጽ የማያስፈልገው። የወረርሽኙ ተሐዋሲ ራሱ በጳጉሜን ደመወዝ ስለማይከፈለው ሥራ ፈትቶ ይሰነብታል ተብሎ ታስቦ ከሆነ ግን ይህን የመሰለ ግኝት ለሐኪሞች ሳይነገር መቅረቱ ያሳዝናል።

በዚያው መስከረም 5 ቀን ወደ እርስዎ መጣሁ። እርስዎ አልሳቁም። ከመቀመጫዎ ተነሥተው እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው እጅ ነሡኝ። ቅጹን አገላበጡ፣ በጣትዎ ቆጠሩ፣ ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስም አየሁ፤ የምትቆጥሩበትን ግጥም ያስተማርኋችሁ እኔ ነኝና ምን እያሉ እንደነበር አውቄአለሁ።

ዐሥራ ሁለት ወንድማማች፣ እያንዳንዱ ሠላሳ፤
አምስት ቀን ያላት እኅታቸው፣ ጳጉሜንም አትረሳ።

ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «ቲቸር፣ ቆጠራዎ ልክ ነው። ቅጹ ግን ከላይ ነው የመጣው።»

ባያውቁት ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ከአለማወቅ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬ ኖሬአለሁ፤ በጠመኔና በትዕግሥት ይለቃል። አውቆ ለሚተው ሰው የሚሆን ጠመኔ ግን አልተሰጠኝም።

መስከረም 7 ቀን ማለዳ አውቶቡሱ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ወደ ጎብዬ አቅጣጫ አለፈ። ቅድስት በመስኮቱ ስታየው አንድ ባዶ መቀመጫ ቆጠረች። ቆጠራ እኔ አስተምሬአታለሁ። የተለቀቀችው አውቶቡሱ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሙሉ ጤነኛ መሆኗን የሚገልጽ ወረቀት ስለሰጣችኋት አመሰግናለሁ።

3ኛ. ጳጉሜንን ጨርሳችሁ ያልረሳችኋት ስለመሆኑ። በሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል በማቆያው የነበሩት አምስት ልጆች ወደ ግቢው ወጥተው ተጠመቁ። ከአምስቱ ሁለቱ የሙስሊም ልጆች ናቸው፤ ዝናቡ አልጠየቃቸውም። እኔ ከአጥሩ ውጭ ሳህኔን ይዤ ሳቃቸውን እሰማ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በዚያ ክረምት የሰማሁት ደግ ድምፅ እሱ ብቻ ነው። በማግሥቱ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። ከፊቴ አስቀምጬ ቃል በቃል እገለብጣለሁ፦ «ተማሪ ቅድስት ጳጉሜን 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ርቀቷን ሳትጠብቅ በዝናብ ስትታጠብ በመገኘቷ።» ፊርማው የእርስዎ ነው፤ ማኅተሙም ደምቋል። እንግዲህ ጳጉሜን ለጥፋት ትኖራለች፤ ለመቆጠር ብቻ ነው የማትኖረው። እንዲህ ያለች ወር ለአስተዳደር ምንኛ ትመቻለች!

4ኛ. ስለ አንድ ቃል። ኮሚቴዎ ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ በጻፈው ደብዳቤ ቅድስት ለፈተናው ያልቀረበችው «በፈቃዷ» ነው ይላል። ትምህርት ቤቱ በበቂ ምክንያት የቀሩትን በጥር ወር ይፈትናል፤ በፈቃዳቸው የቀሩትን ግን ዳግመኛ አያወዳድርም። ልጅቱ በራችሁ ተቆልፎባት፣ መንሱር ቁልፉን በኪሱ ይዞ ሳለ፣ የትኛውን ፈቃዷን እንዳያችሁባት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ባዶውን መቀመጫ መልሱልኝ አላልሁም። አውቶቡሱ ሄዷል። የምለምነው አንድ መስመር ነው፦ «ተማሪዋ የቀረችው በእኛ የቆጠራ ስሕተት ነው።» ትምህርት ቤቱ ማስተካከያ የሚቀበለው እስከ ጥቅምት 15 ቀን ነው።

ኡሙሃኒ እስከ ዛሬ «አላልሁዎትም ነበር?» አላለችኝም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ቅድስት ደግሞ ባለፈው እሑድ፣ ያን ቀን ብንደበቅ ኖሮ ደሴ ነበርሁ አይደል ብላ ጠየቀችኝ። ሕግ አክባሪነትን ሳስተምር ኖሬ መልስ ያጣሁበት የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው። ይህንንም ለእርስዎ አመሰግናለሁ።

ከላይ ለሚመጣ ወረቀት ያለዎትን የማይናወጥ ታማኝነት እያደነቅሁ፣ ሹመትዎ በዓመት ዐሥራ ሁለቱንም ወር ሳይጓደል እንዲሰነብት እየተመኘሁ፣

ሁልጊዜ አክባሪዎ፣

ሌላ
(ቀድሞ የሺ ወልደ ሚካኤል ይባሉ የነበሩ፣ ጡረተኛ መምህርት)

ማሳሰቢያ፦ የሦስተኛ ክፍል የማጠቃለያ ፈተናዎ ወረቀት እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። «በዓመት ውስጥ ስንት ወሮች አሉ?» ለሚለው «ዐሥራ ሁለት» ብለው ነበር የመለሱት። ውጤትዎ አርባ ዘጠኝ ሆነ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። አባትዎ ከወደቀ ትምህርቱ ይበቃዋል ብለው ስለነበር፣ በሥራ ዘመኔ ለአንድ ጊዜ ብቻ ደንብ ጥሼ አንድ ነጥብ ጨመርሁልዎ። ያችን ነጥብ ዛሬ በቀይ ሰርዤአታለሁ፤ ውጤትዎ አርባ ዘጠኝ ነው። ድጋሚ ፈተና ግን አልከለክልዎትም። መልሱ አንድ መስመር ነው፤ ማኅተም ይደረግበታል። አምስት ቀን ሰጥቼዎታለሁ። ቀኖቹን የምቆጥረው እኔ ነኝ።