አጥራችን በመጽሐፍህ ላይ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን የሚነሣብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም አለ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ተብሎ ነበር የሚጻፈው። ዘንድሮ ግን ወንድምዓለም፣ ደህና አይደለንም፤ ለወጉ ብዬ አልዋሽህም።

ስንዴው አልቋል። ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አገዳው ቀላ ያለ ሽፍታ አወጣ። ሽፍታው ሲፈነዳ ብናኙ እየቦነነ ሁላችንም ጡብ ፋብሪካ የዋልን መስለን ወደ ቤት እንገባ ነበር። እማዬ ሻሿን ሦስት ጊዜ አጥባ አልለቅ ሲላት ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ አገዳው እየተሰበረ ተኛ። የተረፈውን አጭደን ብንወቃው ፍሬው ጭምድድ ያለ ነው፤ ዶሮዎቹ እንኳ ጫር ጫር አድርገው ትተውት ሄዱ።

የግብርና ሠራተኛዋ መጥታ ዋግ ነው አለችን። አባባ ይህን ሲሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? ልጄ ባሕር ማዶ የተማረው ይህንኑ በሽታ አይደል እንዴ ብሎ ደረቱን ነፋ። ማሳው ወድሞ እንኳ በአንተ ይኮራል፤ ምን ታደርገዋለህ።

ሴትዮዋ ግቢውን ስትዞር ከማሳው ዳር ያለው እሾሃማ አጥር ዘንድ ቆመች። ቅጠሉን ገልብጣ ከሥሩ የተደረደሩትን ብርቱካንማ ነጠብጣቦች አሳየችን። ዋጉ ስንዴ በሌለ ጊዜ እዚህ ተሸሽጎ ይከርማል፣ ጊዜው ሲደርስ ነፋስ ወደ ማሳው ይወስደዋል፣ ስለዚህ አጥሩ ዛሬውኑ ይነቀል አለች። አባባ አሻፈረኝ አለ። ልጄ ለትምህርት ሊሄድ ሲል በገዛ እጁ የተከለውን እኔ አልነቅልም፣ የመጣው ይምጣ አላት። ታውቀው የለም? አንተ ከሄድክ ጀምሮ አጥሩን ሲከረክምና ውሃ ሲያጠጣ ነው የኖረው።

ሴትዮዋ ክርክሩ ሲያደክማት ከቦርሳዋ መጽሐፍ አወጣች። የአንተ መጽሐፍ ነው፤ ጀርባው ላይ ከረባት አሥረህ ፈገግ ብለሃል። የገለጠችው ገጽ ላይ ያ ቅጠል በትልቁ አለ። ከቅጠሉ ኋላ የሚታየው ግን ሰማያዊው በራችን ነው፤ አህያዋ ረግጣ ያጎደጎደችው ቦታ ሳይቀር። አባባ ሳቀ። አጥራችን መጽሐፍ ላይ ወጣ ብሎ ጎረቤት ጠራ። ሰው ከተሰበሰበ በኋላ፣ እስቲ ከሥሩ የተጻፈውን አንብቢልን አለኝ።

አነበብኩት። የዋግ መሸሸጊያ ነው፣ ከስንዴ ማሳ አጠገብ ከተገኘ ሳይውል ሳያድር ይነቀል ይላል። ቀጥሎ ፎቶው የተነሣበት ቀን አለ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አንተ እዚህ የነበርክበት ሳምንት።

ያን ቀን ቅጠሉን በወረንጦ እየለቀምክ ፖስታ ውስጥ ስትከት ፖስታውን የያዝኩልህ እኔ ነበርኩ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅህ ለሥራ ነው፣ አንቺ አይገባሽም አልከኝ። አባባ እንዳይከፋው ብለህ ነው ዝም ያልከው? ወይስ ለጥናትህ እንዳይነቀልብህ? አንጀቴ አሯል ወንድሜ፤ አንዱ ከሌላው ይሻላል ማለትም አልቻልኩም።

በማግሥቱ አባባ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ሰው እንዲያግዘው አልፈለገም። እጁ በእሾህ ተቦጫጭሮ ከነሥሩ ነቀለው፤ ከዚያ ወዲህ ስምህን አላነሣም።

እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች፤ ለሳልህ ደረትህን ሸፍን ብላለች። ታናሻችን የላክህላት ጫማ ልክ ሆኖላታል፣ ታመሰግንሃለች። አባባም ሰላም ብሎሃል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አላለም። ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን ሲያይ ግን፣ ያን ቀን ቅጠሉን ሲለቅም ያውቅ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብሎኛል። መልስህ ሲመጣ የማነብለት እኔ ነኝ። አልጨምርበትም፣ አልቀንስለትም።

እህትህ
ከቤታችን፣ አጥሩ ከነበረበት ፊት ለፊት ካለው መስኮት ሥር
ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ዘጠኝ