ያቆምሽበት ገጽ

ውድ እህቴ ሩዪን፣

የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያችን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሆስፒታሉ ከፒጃማሽና ከጥርስ ብሩሽሽ ጋር በአንድ ፌስታል አድርጎ ሰጠን። ቻርጅ አደረግሁት እንጂ ለብዙ ሳምንታት አልከፈትኩትም። ምክንያቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። የመጽሐፍ ማንበቢያው ፕሮግራም የሚያስታውሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ የተገለጠውን ገጽ። ማን እንደገለጠው አይለይም።

በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ከሥራ ስትመለሺ መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ዘሎ ይጠብቅሽና፣

"አንተ ዝንጀሮ፣ ደግሞ ገጼን ወሰድከው?" ትዪኛለሽ።

"ቁጥሩን አትይዢም?"

"በገዛ ማንበቢያዬ ቁጥር ልያዝ? አንተ እጅህን ሰብስብ።"

በመጨረሻ ሕግ አወጣሽ። አንቺ እስከደረስሽበት ድረስ እንዳሻኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ገጽ እንኳ ማለፍ የለም። በመጨረሻ በጀመርነው የወንጀል ልብ ወለድ ውስጥ የጀልባ ነጂውን የገደለው ፖስተኛው ነው ብለሽ ድርቅ አልሽ፤ እኔ ሚስቱ ናት አልኩ። የተሸነፈ ሽንት ቤቱን እስከ አዲስ ዓመት ሊያጥብ ተወራረድን። ከዚያ ታመምሽ፤ ማንበቢያውን ይዘሽ ሄድሽ።

ካረፍሽ ሰባተኛው ሳምንት ሊሞላ ሲል እኔና እማማ በወዲያኛው ዓለም እንድትኖሪበት የሚቃጠልልሽን የወረቀት ቤት ለማዘዝ አጎት ኦንግ ሱቅ ሄድን። እማማ ባለ ሦስት ፎቁን መረጠች።

"ማን ሊጠርገው ነው?" አልኳት። "ሩዪን አልጋዋን እንኳ አንጥፋ አታውቅም።"

"ሁለት የወረቀት ሠራተኞች አብረው ይሄዳሉ" አለ አጎት ኦንግ ዓይኑን ከሚሰነጥቀው ቀርከሃ ሳይነቅል። "ስም አውጡላቸው ብቻ። ስም ከሌላቸው አይታዘዙም።"

እማማ ፈገግ አለች። ካጣንሽ ወዲህ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ቀን ነው። ወዲያው ግን ከቦርሳዋ ማንበቢያውን አወጣች። ከጠረጴዛዬ ላይ መቼ እንዳነሳችው አላውቅም።

"ይሄም ከቤቱ ጋር ይቃጠል" አለች። "ከእጇ ተለይቶ አያውቅም።"

ቤት ውስጥ ካለው ዕቃሽ ሁሉ ያንቺን ቦታ የያዘው እሱ ብቻ ነው። ግን ልጇን ለቀበረች እናት "ለእኔ ተዪልኝ" ማለት እንዴት ይቻላል?

አጎት ኦንግ ተቀብሎ ገለባበጠው። "ልጄ፣ ባትሪ ያለው ነገር እሳት ውስጥ አይገባም። ይፈነዳል። እኔ በወረቀት እሠራላታለሁ፤ ከነቻርጀሩ። ባለፈው ለአንድ ሽማግሌ ስልክ ሠርቼ ቻርጀሩን ብረሳ፣ ልጁ 'አባቴ በሕልሜ እየመጣ ይቆጣኛል' ብሎ ተመለሰብኝ።" ከዚያ ማንበቢያውን ለእኔ አቀበለኝ። "ስክሪኑ ላይ ምን ይጻፍ?"

"ባዶ ይሁን" አለች እማማ።

"ባዶ ከሆነማ ተበላሽቷል ብላ ትመልስልኛለች። አንተ ጎረምሳው፣ እሷ የምታነበውን ገጽ በዚህ ላይ ጻፍልኝ።" በስክሪኑ ልክ ወረቀት ቆርጦ ሰጠኝ።

እሁድ ከሰዓት፣ እማማ ኑድል በምትሸጥበት ቤቷ ሳለች፣ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ፊደሉ ከመዋዕለ ሕፃናት መጽሐፍ ይበልጣል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ስድስት መስመር ብቻ ነው። አንቺ እኮ ትልቁን "የሽማግሌ ፊደል" እያልሽ ትስቂበት ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አየሁ። የፊደሉ መጠን መጨረሻ ላይ ደርሰሻል፤ ከዚያ በላይ አያድግም። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሆስፒታል እየመጣሁ "የት ደረስሽ?" ስልሽ "እያነበብኩ ነው፣ አትቸኩል" ትዪኝ ነበር። ስድስት መስመር፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ ሌላ ስድስት መስመር። አንድም ቀን አልነገርሽኝም።

መርማሪው እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል፤ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል። ያቆምሽው እዚያ ላይ ነው።

ገጹን ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀምሬ ሁለተኛው መስመር ላይ እጄ ቆመ። ይህን አንብበሽዋል። ያነበብሽውን ብልክልሽ ምን ይሠራልሻል? የሚያስፈልግሽ ቀጣዩ ነው። ቀጣዩን ለማግኘት ግን መግለጥ አለብኝ። መልሼ ወደ ኋላ ብገልጠውም፣ ያ ቦታ ያንቺ ጣት ያቆመው መሆኑ ይቀራል። ደግሞም ከአንቺ አልፋለሁ።

ጎረቤት ልብስ አጥቦ አስጥቶ፣ ደርቆ እስኪያስገባ ድረስ ማንበቢያውን ይዤ ተቀመጥኩ። የምጠይቀው ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለውን ነገር የምጠይቀው አንቺን ነበር።

ከዚያ ገለጥኩት። ቀድሜ አላነበብኩም፤ አንድ ቃል አይቼ አንድ ቃል እጽፍ ነበር። ስጨርስ ወደ ኋላ አልመለስኩትም። አሁን የደረስሽው እዚህ ነው።

ሰባተኛው ሳምንት በሞላ ዕለት እሳት ስንለኩስበት የወረቀት ቤቱ በአንድ ጊዜ ተያያዘ። ሁለቱ ሠራተኞች፣ የወረቀቱ ማንበቢያ፣ ቻርጀሩ፣ ሁሉም ተከታትሎ ሄደ። እማማ እሳቱን እያየች፣

"ምን ጻፍክላት?" አለችኝ።

"ቀጣዩን ገጽ።"

"ከዚያስ?"

"ጨረቃ በሞላች ቁጥር አንድ አንድ እልክላታለሁ።"

"ብዙ ይቀራል?"

"በዚህ ፊደል ከሆነ፣ እኔ እስካረጅ አያልቅም።"

አመዱን በእንጨት ገፋ ገፋ አደረገችና፣ "እንግዲያው ፊደሉን አታሳንሰው" አለችኝ።

አላሳነስኩትም። የላክሁልሽ ገጽ በሩ ሲንኳኳ ያበቃል። ፖስተኛው ይሁን ሚስቱ እኔም አላውቅም። ጨረቃ እስክትሞላ አብረን እንጠብቃለን።

ከአንቺ የማያልፈው ወንድምሽ፣
ካይሻንግ