አባዬ በሁለት ዓመት አነሰኝ

ለምናፍቅህ ወንድሜ፣ ከነልጆችህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ ምላሴም እንደምታውቃት ናት።

ለልጆችህ የዘር ሐረጋችንን ጻፊ ብለህ አዘዝከኝ አይደል? ሥራ ፈት መስዬህ ነው። እሺ ብዬ ደብተሬን ይዤ መቃብር ቦታ ሄድኩ። ባለፈው ወር ባቆምነው ሐውልት ላይ አባዬ የተወለደበትን ቀን ሳነብ ክው አልኩ። እንደ ድንጋዩ ከሆነ አባታችን ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል።

ደሜ ፈልቶ ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ገባሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ በምን ሒሳብ ነው አባቴን ታናሼ ያደረግከው?»

እሱ ምን ገዶት። «እትዬ፣ እኔ ከተሰጠኝ ወረቀት ላይ አልጨምር፣ አልቀንስ» ብሎ ግድግዳው ላይ ሚስማር ከያዛቸው ወረቀቶች አንዱን አውጥቶ ሰጠኝ። የእማዬ የእጅ ጽሑፍ ነው። ቀኑም፣ ወሩም፣ ዓመቱም አንተ የተወለድክበት ነው።

የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ልደት በቃሏ የምትነግረን እማዬ! ሐዘን ላይ ስለነበረች ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። ጠራቢውን ይቅርታ ጠየቅኩት። አዎ፣ እኔ። ድንጋዩን ያስተካክለዋል፤ ለእሷ አልነገርኳትም።

እማዬ ደህና ናት፣ ትበላለች። የቤቱን ቁልፍ ግን አሁን እኔ ነኝ የምይዘው፤ በሩ ስለሚያስቸግር ነው። ምድጃውንም እኔው እለኩሳለሁ።

ለከርሞ እመጣለሁ ያልከውን ወደዚህ ወር አምጣው። ስትገባ ደግሞ ስምህን ጮክ ብለህ ንገራት፤ ኮሪደሩ ጨለማ ነው።

ልጆቹን ሳምልኝ።

መንገድ መንገዱን የምታይልህ እህትህ